ከኮምፔርሳቶው ማዶ የሚሰማው ልቅሶ

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር፣ ማራኪ፣ አራት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው የምኖረው። ከእኔ ክፍል ጋር በኮምፔርሳቶ ብቻ የሚለየው ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ አለ። ወላጅ እናቱ ዓረብ አገር ናት። አባቱ የቀን ሥራ ይሠራል። ሌላ ሚስት አግብቶ እሷም ከወለደች ሁለት ወር ሆናት። ማታ ማታ ዱላ ይሰማል። ባለፈው እሑድ ልጁ ደጅ ወጥቶ ሳየው ጆሮው በልዟል። ‹ከበርጩማ ወድቆ ነው› አለችኝ። ክንዱ እንደ ጭራሮ ቀጥኗል፣ እግሩ ግን ወፈር ብሏል። ጨቅላዋም ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፤ አንዳንዴ ልቅሶዋ ድንገት ቀጥ ይላል። የእንጀራ እናት ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ባማክር ‹ልጅ ሳይገረፍ አያድግም፣ በሰው ቤት ምን አገባሽ› አሉኝ። ለፖሊስ ብናገር ቂም ነው። ልጁንስ ወስደው የት ያደርጉታል? በሽምግልና መልሰው ቢሰጡትስ? ልጠብቅ ወይስ ልናገር? — ጎረቤት ነኝ»

እህታችን፣ አይጠብቁ። የቀረው ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ቃል የሚለው ነው። እርስዎን ያስጨነቀዎ የዱላው ድምፅ ይመስላል። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን የጨቅላዋ ልቅሶ ድንገት ቀጥ ማለቱ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከጆሮው እንጀምር። የሦስት ዓመት ልጅ ሮጦ ሲወድቅ የሚመታው ግንባሩን፣ አገጩን፣ ጉልበቱን ወይም ቅልጥሙን ነው። ጆሮ በራስ ቅልና በትከሻ መካከል ተከልሎ ስለሚቀር፣ ከበርጩማ ወድቆ ጆሮውን ብቻ ያበለዘ ልጅ ብርቅ ነው። እንዲህ ያለው ብልዝ ብዙውን ጊዜ ከጥፊ ወይም ጆሮ ይዞ ከመጎተት ይመጣል። የሕፃናት ሐኪሞች የሚይዙት መለያ ቀላል ነው። 4 ዓመት ባልሞላው ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ብልት፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ የታየ ብልዝ ይመረመራል። 5 ወር ያልሞላው ጨቅላ ላይ ከሆነ ደግሞ የትም ቦታ ይሁን፣ የጣት ጥፍር ብታህል እንኳ ይመረመራል፤ ገና ያልተንፏቀቀ ልጅ ራሱን አያበልዝምና። የጉንጭና የዓይን ቆብ ብልዝ፣ እንዲሁም ከላይኛው ከንፈር ወደ ድድ የምትወርደው ቀጭን ጅማት መቀደድ እዚሁ ይደመራሉ። የጅማቷ መቀደድ ጡጦ ወይም ማንኪያ በኃይል ሲታጎር ሊመጣ ይችላል። የዘለበት፣ የታጠፈ ገመድ ወይም የአምስት ጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር ካዩ ጭራሽ አያመንቱ።

በዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ብዙ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሕፃናት ከወገብ በታችና መቀመጫ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። ብልዝ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፣ ይህኛው ለወራት እንዳለ ይቆያል። ቅንድብ ላይ ያለ ያረጀ የምላጭ ጠባሳም አብዛኛውን ጊዜ የብጣት ነው። (እሱም በራሱ ደም በማፍሰስና በቁስል መመረዝ አደገኛ ነው፤ ግን ሌላ ወሬ ነው።) ብልዝ ደግሞ ቀለሙን አይተው «ይህ የሦስት ቀን ነው» አይበሉ። ሐኪምም ቢሆን በቀለም ብቻ ዕድሜውን መናገር አይችልም።

«አንዲት ብልዝ ምን ታመጣለች?» የሚል ሰው አያጡም። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ መደብደባቸው ከተረጋገጠ 200 ጨቅላዎች መካከል 27.5 በመቶዎቹ ከከባዱ ጉዳት በፊት እንዲህ ያለች ትንሽ ጉዳት ነበረባቸው። ባልተደበደቡት የንጽጽር ጨቅላዎች ላይ ግን አንዲትም አልተገኘችም።

አሁን ወደ እግሩ። ቀጭን ክንድና ወፈር ያለ እግር አንድ ላይ ከሆኑ ልጁ አልወፈረም፣ ውኃ ቋጥሯል። ይህ ምግብ ያጣ ሰውነት የመጨረሻው አካባቢ የሚያሳየው ነው። ሲያጫውቱት ሁለቱንም የእግሩን ጀርባዎች በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው «መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ ሦስት» እስኪሉ ይያዙና ይልቀቁ። ሁለቱም ላይ ጎድጓዳ ከቀረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባለቀለሙን የክንድ መለኪያ ትይዛለች። ከ6 ወር እስከ 59 ወር ባለ ልጅ የግራ ክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ። እግሩ ያበጠ ከሆነ ግን መለኪያው ምንም ቢል እንደ ቀይ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ደግ ጎረቤት የምታጠፋው ጥፋት አለ። ልጁን ጠርታ ጠግቦ እስኪተፋ ታበላዋለች። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት የጨውና የፈሳሽ ሚዛኑ የተዛባ፣ ልቡም የደከመ ነው። አንድ ጊዜ የተጫነበት ከባድ ምግብ፣ በተለይ ጨው የበዛበት ወጥ፣ ሊገድለው ይችላል። በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይስጡት። ዝልፍልፍ ብሎ ግን መዋጥ የሚችል ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቀስ ብለው ያጠጡትና ይዘውት ይሂዱ። መንገድ ላይ ይሸፋፍኑት። እንዲህ የከሳ ልጅ ሙቀቱን መያዝ ስለማይችል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ጎንደር የሌሊት ብርድ ብቻውን ይበቃዋል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የለውዝ አልሚ ምግብ ከሱቅ ገዝተው በግምት አይስጡት። መጠኑ በኪሎው ነው የሚታዘዘው፣ መድኃኒትም አብሮት አለ።

ወደ ጨቅላዋ እንምጣ። የጨቅላ ልቅሶ ከተወለደ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ይጀምርና እየጨመረ ሄዶ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በሦስትና በአራት ወሩ ይበርዳል። ጫፉ ላይ አንዳንዱ ጤነኛ ጨቅላ በቀን እስከ አምስት ሰዓት ያለቅሳል፤ አብዝቶ ደግሞ ከአመሻሽ በኋላ ነው፣ ጡትም እቅፍም አያባብለውም። የሁለት ወሯ ልጅ አሁን እዚያ ጫፍ ላይ ናት። ቤተሰቡ ግን ይህን አያውቅም። «ዓይን በልቷት ነው» ይባላል፣ ጤናዳም ይጨመቅላታል (6 ወር እስኪሞላት ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አይሰጣትም)፣ ለጋ ቅቤ ይዋጣታል፤ ቅቤው ወደ ሳንባ ገብቶ የሚገድለው ልጅ ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። ያም ሳይሆን ሲቀር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ብብቷን ይዞ «ዝም በይ!» እያለ ይንጣታል።

የጨቅላ ራስ ከቀረው አካሏ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፣ አንገቷ ደግሞ ገና አልጠናም። ስትናጥ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንደ ቅል ውስጥ ወተት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንጎልን ከራስ ቅል ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይበጠሳሉ፣ አንጎሉም ያብጣል። ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል። በቆዳዋ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከተናጠች በኋላ ዝም ማለቷ ነው። አንጎሏ ስለተጎዳ ነው ዝም ያለችው፤ የናጣት ሰው ግን «ለካ እንዲህ ሲሏት ነው የምትተኛው» ብሎ በማግሥቱ ይደግመዋል። ልቅሶዋ ድንገት ቀጥ ይላል ሲሉን የደነገጥነው ለዚህ ነው። ምናልባት ጡት ጎርሳ ይሆናል። ምናልባት አይደለም።

ስለዚህ ቀን ቀን ልጅቷን ይዩ። ጡት አልይዝም ካለች፣ ተቅማጥ ሳይኖራት ደጋግማ ካስመለሳት፣ ለጡት እንኳ ካልነቃች፣ እርግብግቢቷ ሳታለቅስ ከተነፋ፣ አንድ ክንዷን ካላንቀሳቀሰች፣ ከነጣች ወይም ካንዘፈዘፋት ለነገ አትባልም፤ በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ናት። እዚያ የሚሉት ቃል ወሳኝ ነው። «አስመለሳት» ብቻ ካሉ የሆድ ሕመም ተብላ ልትመለስ ትችላለች። «ሌሊት አልቅሳ ድንገት ዝም አለች፣ ተንጣ እንዳይሆን እፈራለሁ» ይበሉ። ሐኪሙ ራሷን እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ነው።

መከላከያው ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፣ ከእርስዎም እጅ ነው። ለአራሷ ሁለት ነገር ይንገሯት። አንደኛ፣ ጡት ጠብታ፣ ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ ትኩሳት ሳይኖራት የምታለቅስ ልጅ በልቅሶ አትሞትም። ሁለተኛ፣ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ልጅቷን በጀርባዋ፣ ከማትወድቅበት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አስተኝታ ከቤት ትውጣ፣ ደጅ ላይ አሥር ደቂቃ ትቀመጥ፣ ከዚያ ገብታ ትያት። ይህ ልጅን መጣል አይደለም። ከዚያ «እህትዓለም፣ እስቲ ልጅቷን ስጭኝና እኔ ልዘላት፣ አንች ጋደም በይ» ብለው አመሻሹ ላይ ለሁለት ሰዓት ይውሰዷት። በዚያ ሰዓት የሦስት ዓመቱም ልጅ አብሮዎት ይውላል፤ ብልዙንም እግሩንም ያዩታል። አራሷ ቀን ከሌት የምታለቅስ፣ መብላት ያቆመች፣ «ሁላችንም ብንገላገል» የምትል ወይም የሌለ ድምፅ የምትሰማ ከሆነ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው። ይታከማል፣ እስክትታከም ግን ከልጆቹ ጋር ብቻዋን አትቀመጥ።

ስለ እንጀራ እናትነት አንድ ነገር እንድንል ይፍቀዱልን። ደብዳቤዎ «ማታ ማታ ዱላ ይሰማል» ይላል። ማታ ከሥራ የሚመለሰው አባቱ ነው። ማን እንደሚመታ አላዩም። ሪፖርት ሲያደርጉ «እንጀራ እናቱ ትገድለዋለች» ካሉና መቺው አባቱ ሆኖ ከተገኘ፣ እሷን ቀጥተው ልጁን ለአባቱ ያስረክቡታል። የሰሙትን ብቻ ይናገሩ።

በድብደባና በቸልታ የሞተ ልጅ ጉዳይ ወደ ኋላ ሲመረመር ተደጋግሞ የሚገኘው፣ ብዙ ሰው ቁራጭ ቁራጩን ይዞ እንደነበር ነው። ጎረቤት ልቅሶ ሰምታለች፣ ባለሱቁ ልጁ ከመሬት ለቅሞ ሲበላ አይቷል፣ ጤና ጣቢያ ክትባት መቅረቱን መዝግቧል፣ አከራዩ አንድ ሌሊት ተነሥቶ በር መትቷል። እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን ስለማይከብድ ሁሉም ይጠብቃል። የእርስዎ ሥራ ቁራጮቹን አንድ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው። ደብተር ይያዙና ቀን፣ ሰዓት፣ የሰሙት፣ ያዩት፣ አብሮ የነበረ ሰው እያሉ ይጻፉ። «ጨካኞች ናቸው» አይጻፉ፤ «ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡30፣ ሰባት ስምንት ጊዜ የቀበቶ የመሰለ ድምፅ፣ ልጁ ‹በቃኝ› እያለ» ይጻፉ። ልጁን «እሷ መታችህ አይደል?» ብለው አይጠይቁት። በኋላ ቃሉ የእርስዎ ነው ተብሎ ይጣላል። «ጆሮህን ምን ሆንህ?» ብለው ዝም ይበሉና የመለሰውን በራሱ አነጋገር ይጻፉ። ፎቶ አንሥተው ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ልጁን ሁለተኛ ማጥቃት ነው፣ ቤተሰቡም በማግሥቱ ቤት ይለቃል።

አሁን ለማን? መጀመሪያ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ነገ ጠዋት። ቂሙን የሚያቀልልዎትም ይህ መንገድ ነው። የሁለት ወር ልጅ ያለበትን ቤት «የ45 ቀን ክትባቷን ወሰደች?» ብላ ማንኳኳት የዘወትር ሥራዋ ነው። ገብታ የልጁን ክንድ ትለካለች፣ እግሩን ትጫናለች፣ ልብሱን አስወልቃ ታያለች። ማንም ማንን አልከሰሰም። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ለክፍለ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል በደብተርዎ መሠረት ይናገሩ። የተቀበለዎትን ሰው ስምና የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ አቤቱታ አይደለም። ልጁ ጉዳት ካለበት ሐኪም የሚሰጠው ማስረጃ የሚጻፈው በፖሊስ ደብዳቤ ነው፣ ሕክምናው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። ማንም «መጀመሪያ ወረቀት አምጡ» ካለዎት ልጁን አሳክመው ወረቀቱን በኋላ ያምጡ።

ዓረብ አገር ላለችው እናቱ በኢሞ መንገር የሚቀድም ይመስልዎት ይሆናል። አይደለም። ሰምታ ለአባቱ ደውላ ብትጮህበት የዚያን ማታ ዱላ የሚቀበለው ልጁ ነው። ኃላፊዎቹ ልጁን ካዩት በኋላ ይንገሯት፤ ያን ጊዜ ታስፈልጋለችም፣ የእናቷን ወይም የእህቷን ስምና አድራሻ የምታውቀው እሷ ናት። «የት ያደርጉታል» ላሉት መልሱ እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያ የሚፈለገው ዘመድ ነው፤ አያት ወይም አክስት ያላት ቤት ስም ተይዞ ሲቀርብ ልጁ ተቋም የመግባቱ ዕድል ይቀንሳል።

ሽምግልናውን በተመለከተ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ሽማግሌም የንስሐ አባትም የክርስትና አባትም የባልና የሚስት ጠብ ያበርዳሉ፣ አባትየው የሚሰማቸውም እነሱን ሊሆን ይችላል። ይግቡበት፣ ግን ከምርመራው በኋላና ከምርመራው ጋር እንጂ በምርመራው ፈንታ አይሁን። «ይቅር ተባብለናል» ብቻ የሚል እርቅ ልጁን ሳይታይ ይመልሰዋል። ልጁ የሚመለስ ከሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዝ፦ በየሳምንቱ ስንት ቀን ጤና ጣቢያ እንደሚታይ፣ በየቀኑ በዓይኑ የሚያየው ዘመድ ወይም ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ማን እንደሚያድር።

«ሳይገረፍ አያድግም» ለሚሉት አንድ እውነት እንመንላቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በስም ጠቅሶ የከለከለው በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ያለውን ዱላ ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576ም ለወላጅ «ተገቢ ቅጣት» የሚሆን ቀዳዳ ትቷል። ያው አንቀጽ ግን ልጅን ማንገላታትን፣ ችላ ማለትንና መደብደብን ያስቀጣል፤ በጤናው ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት እስራት አያንስም፣ የቤተሰብ መብትም ያሳጣል። የበለዘ ጆሮና ያበጠ እግር ተገቢ ቅጣት የሚባለው ውስጥ አይገቡም።

የሌሊቱ ነገር ቀርቶናል። ዱላው ሲበዛ ሰምተው ዝም ብለው አይደሩ። ከአከራዩ ጋር ሆነው ያንኳኩ፤ «ክብሪት አለቻችሁ?» ይበሉ፣ ለመፍረድ አይግቡ። ማንኳኳቱ ራሱ እጅ ያስቆማል። በማግሥቱ ልጁ ሆዱን ይዞ ከተጎነበሰ፣ ካስመለሰውና ሆዱ ከጠነከረበት ምንም ብልዝ ባይኖር እንኳ ሆስፒታል ይሂድ። ሆድ ለስላሳ ስለሆነ ቆዳው ሳይበልዝ ጉበት ወይም አንጀት ሊቀደድ ይችላል፣ ድብደባ ከሚገድልባቸው መንገዶች ከጭንቅላት ቀጥሎ ያለው ይህ ነው። ማንኛቸውም ልጅ ካልነቃ አይናጡት፣ የውስጥ እግሩን ይኮርኩሩት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የሚዘገይ ከመሰለዎ ባጃጅ ይያዙ። የማይተነፍስ ከሆነ በጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አስተኝተው ደረቱን መሐል ለመሐል፣ ጨቅላዋን ደረቷን በሁለት እጅ ከብበው በሁለቱ አውራ ጣቶች፣ ልጁን በአንድ መዳፍ፣ የደረቱን ሲሶ ያህል ወደ ታች እየተጫኑ 30 ጊዜ በፍጥነት ይግፉ፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍሱለት፣ ሰው እስኪደርስ ይደጋግሙ።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከፊተኞቹ ይልቅ ያስፈራሉ፤ ሰው ሲናደድና ሲሸማቀቅ በር ይዘጋል። ልጁን በየቀኑ በዓይንዎ ይዩት። አንድ ቀን ካጡትና «ገጠር ልከነዋል» ካሉዎት የየት ገጠር፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መኪና ብለው ይጠይቁ፣ በስልክም ድምፁን ያሰሙኝ ይበሉ። እስከ ማታ ድምፁን ካላሰሙዎት የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ወደ ጣቢያው ይመለሱ።